«ተኝታለች» ሲሉኝ የሰነበትኩባት ልደታ

ማክሰኞ ንጋት፣ ናጋድ ጣቢያ፣ ጅቡቲ

ጅቡቲ ውስጥ ማልዶ መነሳት ጉብዝና አይደለም፤ ሙቀቱ ራሱ ጎትቶ ያስነሳል። ናጋድ የባቡር ጣቢያ ስንደርስ ገና ጎህ እየቀደደ ነው፤ የአባቴ ሸሚዝ ግን ከወዲሁ ጀርባው ላይ ተጣብቋል። ያመጣን ታክሲ መስኮቱ አይዘጋም። ሾፌሩ ጉንጩ ውስጥ የያዘው ጫት የትናንት ይሁን የዛሬ እሱ ያውቃል። ሁለት ሻንጣ፣ አንድ ብርድ ልብስና አንድ ፌስታል ስንቅ ይዣለሁ። ስንቁን እናቴ አልጋዋ ላይ ተቀምጣ ነው የቋጠረችው፤ ሳምቡሳ፣ የተቀቀለ እንቁላል፣ በፎጣ የተጠቀለለ ባጌት ዳቦ።

ቤዛ እባላለሁ። ተወልጄ ያደግኩት ጅቡቲ ነው። አባቴና እናቴ ኢትዮጵያውያን ናቸው፤ አባቴ ወደብ ላይ ብረት ይበይዳል። አማርኛን ከእናቴ፣ ሶማሊኛን ከሰፈር ልጆች፣ ፈረንሳይኛን ከትምህርት ቤት ተማርኩ። አሁን ነርሲንግ ለመማር አዲስ አበባ፣ ልደታ፣ አይቼያቸው ወደማላውቅ ሰዎች ቤት እየሄድኩ ነው። በእኔ ፓስፖርት አዲስ አበባ ውጭ አገር ነው፤ በእናቴ አፍ ግን «አገር ቤት»። ለሁለቱም እንግዳ ነኝ።

እናቴ ጣቢያ አልመጣችም። ኩላሊቷ ሥራ ካቆመ ወዲህ በሳምንት ሦስት ቀን ሆስፒታል እየሄደች ደሟ በማሽን ይታጠባል፤ ማክሰኞ ተራዋ ነው። በር ላይ ተሰነባበትን። እኔ ማልቀስ ስጀምር «ተይ፣ ሾፌሩ ይታዘበናል» አለችኝ፤ እሷ ግን ዓይኗን በሻሿ ጫፍ ጠረገች።

እውነቱን ልናገር፤ መሄድ አልፈለግኩም። ክረምቱን ሙሉ ተጨቃጨቅን። «እኔን ቁጭ ብለሽ ስትጠብቂ ልትጃጂ ነው?» እያለች አሸነፈችኝ። እኔ ያስገባኋት ቃል አንድ ብቻ ነው፤ በየምሽቱ እንድታናግረኝ፣ ቢደክማትም ድምፅዋን እንድታሰማኝ። «እሺ» ብላ በልጇ ማለች፤ ልጇ እኔ ነኝ፤ ሌላ የላትም። በዚህች ቃል ተማምኜ ነው ባቡር ላይ የወጣሁት።

ማክሰኞ ቀትር፣ በባቡር

ከመስኮቱ ውጭ ድንጋይ ነው። ጥቁር ድንጋይ፣ ግራጫ ድንጋይ፣ አንዲት ፍየል፣ እንደገና ድንጋይ። አጠገቤ የተቀመጠችው የድሬዳዋ ነጋዴ ሐሊማ ትባላለች። እግሯ ስር የዱቄት ወተት፣ ጉልበቷ ላይ ዳይፐር፣ ጃኬቷ ውስጥ ደግሞ ምን እንዳለ አላህ ይወቀው፤ ስትቀመጥ ይንኮሻኮሻል።

«ወዴት ነሽ?»

«አዲስ አበባ፣ ለትምህርት።»

«ሰው ሁሉ ወደዚህ እየተሰደደ አንቺ ወደዚያ ትሄጃለሽ?» ብላ ሳቀች። ከሳምቡሳዬ አንድ አነሳች፤ ነክሳ «ማን ነው የሠራው? እጇ ይባረክ» አለች። ኩራት ተሰማኝ።

ድንበሩ ላይ፣ ደወሌ ወርደን ተሰለፍን። ፓስፖርቴን ያየው ሰውዬ ፊቴንና ፎቶውን ደጋግሞ አስተያየ። በአማርኛ «ምን ልትሠሪ ነው?» አለኝ፤ በአማርኛ ስመልስለት ደግሞ «ታዲያ ምን ብለሽ ነው የጅቡቲ ፓስፖርት የያዝሽው?» አለ። እንግዲህ ይህን አባቴን ጠይቅልኝ ልለው ነበር፤ ፓስፖርቴን ተቀብዬ አለፍኩ። ሐሊማ ሻንጣዋ ሲፈተሽ ለያንዳንዱ ዕቃ አንድ የታመመ ዘመድ ፈጠረች። ድሬዳዋ ላይ ስትወርድ ግንባሬን ስማ «በርቺ» አለችኝ። ከዚያ በኋላ መንገዱ አረንጓዴ እየሆነ ሄደ፤ የእኔ ሆድ ግን ከድንጋዩ ጋር ወደ ኋላ ቀረ።

ማክሰኞ ምሽት፣ ከለቡ ወደ ልደታ

ዝናብ! ጅቡቲ ውስጥ በዓመት አንዴ መጥቶ መንገድ አጥለቅልቆ የሚሄደው አይደለም፤ ልክ የተቀጠረ ሠራተኛ ይመስል ሳይቸኩል የሚዘንብ ዝናብ ነው። ለቡ ጣቢያ ጃንጥላ ይዘው የጠበቁኝ የአሳዳሪዬ ባለቤት ጋሼ ገረመውና ልጃቸው ሜሮን ናቸው። ከእነሱ ጋር ያገናኘን አባቴ የሚያውቀው የከባድ መኪና ሾፌር ነው፤ ከእኔ በፊትም ተማሪ አስቀምጠው ያውቃሉ።

ጋሼ ገረመው ልደታ ፍርድ ቤት አካባቢ ለባለጉዳይ አቤቱታ የሚጽፉ ሰው ናቸው። ንግግራቸውም አቤቱታ ይመስላል። «እነሆ አመልካች ደርሳለች» አሉና ሻንጣዬን ነጠቁኝ። ሜሮን በእድሜ እኩያዬ ናት። ገና ሳታየኝ «ወይኔ ጀለሴ፣ በዚህ ብርድ በሸበጥ?» ብላ ጃኬቷን አወለቀችልኝ።

ታክሲው ስድስት መቶ ብር ጠየቀ። ሾፌሩ ስለ ነዳጅ ሰልፍ ሲያማርር በሜክሲኮ አልፈን ልደታ ገባን። ኮንዶሚኒየም፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ደረጃው ላይ በሰልፍ የተደረደረ ቢጫ ጀሪካን። ውሃ የሚመጣው በሳምንት ሁለት ቀን ነው አሉኝ፤ በዚህስ አገሬ የገባሁ መሰለኝ።

በሩን የከፈቱት እትዬ አስካለ ናቸው፤ የቤቱ እመቤት፤ ተክለ ሃይማኖት የሀበሻ ልብስ ሱቅ አላቸው። ወፍራም፣ ድምፃቸው ቀጭን፣ እጃቸው ሙቅ። አገላብጠው ሳሙኝና «እንደ ሜሮን ሁለተኛዋ ልጄ ነሽ፤ እንግዳ ነኝ ካልሽ እንጣላለን» አሉ። ራቱ ቀርቦ ነበር። እኔ ግን የጅቡቲ መስመሬ ገና ስላልሠራልኝ መጀመሪያ የእትዬን ስልክ ለመንኩ።

እናቴ በቪዲዮ መጣች። ፊቷ ገርጥቷል፤ ማሽኑ ያለበት ቀን ሁሌም እንደዚያ ናት።

«ደረስሽ?»

«ደረስኩ እማዬ።»

«ብርድ አለ?»

«አለ።»

«በላሽ?»

«ሊቀርብ ነው።»

«በይ ሰው አታስጠብቂ፣ ብይ። ነገ እናወራለን።»

ዘጋች። ቅር አለኝ። ቀኑን ሙሉ ያጠራቀምኩትን ስለ ሐሊማ፣ ስለ ደወሌው ሰውዬ፣ ስለ ዝናቡ ልነግራት ነበር። ነገ እነግራታለሁ ብዬ ተቀመጥኩና በላሁ።

ረቡዕ፣ ልደታ

ጠዋት የቀሰቀሰኝ ከልደታ ማርያም በድምፅ ማጉያ የሚመጣው ቅዳሴ ነው። ጋሼ ገረመው ኮሌጁ ድረስ ሊሸኙኝ ተነሱ። በመንገዳችን ሰፈራቸውን እንደ ርስት አስጎበኙኝ። ከበላያችን የከተማው ባቡር ሲያልፍ ድልድዩ ይንዘፈዘፋል። ፍርድ ቤቱ በር ላይ ካፖርት የለበሱ ጠበቆች፣ ፋይል ያቀፉ እናቶች፣ በጃንጥላ ስር ፕሪንተር የተከሉ ጸሐፊዎች። ሁሉም ጋሼን ያውቃቸዋል።

«ይቺ ማን ናት፣ ገረመው?»

«ፈረንሳይቱ ናት፤ ከባሕር ማዶ ለትምህርት የመጣች።»

«ባሕሩ የቱ ነው?» አልኳቸው። «ጅቡቲ እኮ ማዶ አይደለም።»

«ባሕር ካለው ማዶ ነው፤ ተቃውሞሽ ውድቅ ሆኗል» አሉ። ያን ቀን ሙሉ «ፈረንሳይቱ» ብቻ ነበር ስሜ።

ኮሌጁ ውስጥ ያለችው ሴትዮ ቅዳሜ የመግቢያ ፈተና እንዳለና ፈተናው በእንግሊዝኛ መሆኑን ነገረችኝ። እኔ ሳይንስን የተማርኩት በፈረንሳይኛ ነው። ጉበትን፣ ጣፊያን፣ ኩላሊትን በሌላ ስም ነው የማውቃቸው። ቅዳሜ ከወደቅኩ እናቴ ክረምቱን ሙሉ የተከራከረችኝ ሁሉ ከንቱ ነው። መሽቶ እስክደውልላት ቸኮልኩ።

ያነሳው አባቴ ነው። «ተኝታለች» አለ። «ዛሬ ትንሽ ደክሟታል።»

«ቃል ገብታልኛለች እኮ።»

«ነገ፣ ቤዛ። ነገ።»

ሐሙስ፣ ልደታ

እዚህ ላይ ልንገራችሁ፤ አንባቢን ማንጠልጠል አልወድም፤ ተንጠልጥዬ አይቼዋለሁ። እናቴ የሞተችው ሐሙስ ጎህ ሳይቀድ ነው። ጅቡቲ ሙቀት ነው፤ ሬሳ አያሳድሩም፤ ከሰዓት በኋላ ተቀበረች። ልደታ ውስጥ ከእኔ በቀር ሁሉም ሰው ያውቅ ነበር።

እኔ የማውቀው ቤቱ መለወጡን ብቻ ነው። ጠዋት ስነሳ ሬዲዮው አልተከፈተም። ጨጨብሳ በማር ቀረበልኝ፤ እትዬ አስካለ ሱቃቸውን አልከፈቱም፤ አጠገቤ ቁጭ ብለው እያጎረሱ «ይቺን ብቻ፣ እናትዬ፤ ይቺን ደግሞ ለእኔ ስትይ» ይላሉ። ጠገብኩ ብል አይሰሙም። ጋሼ ገረመው አንድም ጊዜ «ፈረንሳይቱ» አላሉኝም። ወጥተው ሲሄዱ እጃቸውን ራሴ ላይ አሳረፉ። እንግዳ በሁለተኛው ቀን ይሰለቻል ሲባል እሰማ ነበር፤ እነዚህ ደግሞ ጭራሽ ፍቅራቸው ጨመረ ብዬ ተደነቅኩ።

ከሰዓት ጎረቤት መምጣት ጀመረ። አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ትገባለች። «እንግዳዋን እንያት ብለን ነው» ይላሉ፤ ያዩኛል፤ ከንፈራቸውን ይመጥጣሉ፤ «አይዞሽ» ይሉኛል፤ ይሄዳሉ። ፈተናው እዚህ አገር ይህን ያህል ያስፈራል ማለት ነው? አልኩ በሆዴ።

ሜሮን ስልኬን ተቀበለችኝ። «ሴቲንጉን ላስተካክልልሽ፣ ሮሚንጉ ብር ይበላብሻል» አለች። ስትመልስልኝ ፌስቡኬ ጠፍቷል።

«የት ሄደ?»

«ቫይረስ ነበረበት፤ አጠፋሁት። ለፈተና ደግሞ ምን ያደርግልሻል?»

ኋላ እንደሰማሁት ጅቡቲ ያሉ ሰዎች የእናቴን ፎቶ ከሻማ ጋር እየለጠፉ ነበር። ሜሮን ከእኔ ቀድማ ያንን ፎቶ አይታለች። እናቴን ለመጀመሪያ ጊዜ ያየቻት በዚያ ነው።

ማታ ደወልኩ። አባቴ ዘግይቶ አነሳ። ከኋላው ብዙ ድምፅ አለ፤ ወንበር ይጎተታል፤ ሰው ይስላል።

«እነማን ናቸው?»

«ጎረቤት ነው። ሊጠይቋት መጥተው።»

«ስጣት።»

«ተኝታለች።»

«ቀስቅሳት አባዬ! አንድ ደቂቃ ብቻ!»

«አትቀሰቀስም፣ ቤዛ» አለ፤ «ሐኪሙ ከልክሏል።» ተናድጄ ዘጋሁበት። አባቴ ድንኳን ውስጥ፣ በእናቴ ለቀስተኞች መሐል ተቀምጦ ነበር ያን ያለኝ። እንዴት ቻለው? ዛሬም ይህን ሳስብ አንዴ አዝንለታለሁ፣ አንዴ ልጮኽበት እፈልጋለሁ።

አርብ፣ ልደታ

ሜሮን ከጎኔ ሆና የእንግሊዝኛ ቃላት ታጠናኛለች። «ሊቨር?» «ጉበት።» «ስፕሊን?» «ጣፊያ።» «ኪድኒ?» ስትል ድምፅዋ ተሰበረ፤ ውሃ ልጠጣ ብላ ወጣች፤ ቆይታ መጣች። እንግሊዝኛው ደክሟት ነው አልኩ።

ከሰዓት ጓዳ ገብቼ እትዬ አስካለን ያዝኳቸው። ሽንኩርት እየከተፉ ነው።

«እትዬ፣ እናቴ በጣም ታማለች መሰለኝ። እየደበቁኝ ነው። ፈተናው ይቅርብኝና ልመለስ።»

ቢላዋውን አስቀመጡ። «ነገን እለፊ፣ የኔ ልጅ። ነገን ብቻ።»

«ደህና ናት ወይ? እርስዎ ደውለው ያጣሩልኝ።»

ዓይኔን አላዩም። «እናትሽ በእግዜር እጅ ናት» አሉ። ይህ ለታመመ ሰውም ይባላል። ዶሮ ወጥ ሠርተው ነበር፤ ያለ በዓል፣ በአርብ ጾም፤ «ለተፈታኝ ጾም የለም» አሉ። ሁለት እንቁላል ሰጡኝና ቆመው እስክጨርስ ጠበቁ።

ቅዳሜ፣ ከኮሌጁ ወደ ተክለ ሃይማኖት

ፈተናው እንደፈራሁት አልነበረም። ኩላሊት ወጣ! ሥራው ምንድን ነው፣ ሲደክም ምን ይሆናል፤ ያን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእናቴ እግር እብጠት ነው የማውቀው። ወረቀቱን ስመልስ አልፌያለሁ ብዬ እርግጠኛ ነበርኩ፤ ከመጣሁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ አዲስ አበባ ቆንጆ መሰለችኝ። በር ላይ ስትጠብቀኝ የነበረችው ሜሮን አንገት ላይ ተንጠለጠልኩ። «አራዳ ነሽ በቃ!» አለችኝ፤ ግን ፈገግታዋ ከጥርሷ አላለፈም።

«ለእማዬ ነጠላ ልገዛ ነው» አልኳት። «ማለፌን ስነግራት አሳያታለሁ። ወደ እትዬ ሱቅ እንሂድ።»

«ሌላ ቀን ብታደርጊውስ?»

«ዛሬ ነው ደስ ያለኝ።»

ከልደታ ወደ ተክለ ሃይማኖት በእግር ወጣን። ተሸካሚ «ጎን ጎን!» ይላል፣ ሚኒባስ «መርካቶ መርካቶ!» ይላል፤ የተጠበሰ በቆሎ ይሸታል፣ የጭቃው ነገር አይነሳ። እትዬ አስካለ ከጨርቅ ክምር መሐል ተቀምጠው አገኘናቸው። ስንገባ ሜሮን በዓይኗ የሆነ ነገር ነገረቻቸው።

«ለእናቴ ነው» አልኩ፤ «ጥቁር ጥለት አይሁን፤ ደማቅ። አረንጓዴ ትወዳለች።»

እትዬ አስካለ ተነሱ። አንዱን አወረዱ፣ መለሱት፤ ሌላ አወረዱ። አረንጓዴና ወርቃማ ጥለት ያለው፣ ስስ፣ በሳባ ክር የተሠራ። ትከሻዬ ላይ አድርገው አዩት። «ቁመቷ እንደ አንቺ ነው?» ብለው ጠየቁኝ። አስቡት፤ እያወቁ ጠየቁኝ። «ትንሽ ታጥራለች» አልኩ። በጥንቃቄ አጠፉት፤ ማዕዘን ከማዕዘን አገጣጠሙ፤ እንደገና ፈቱት፤ እንደገና አጠፉት። ገንዘብ አልቀበልም አሉ። ሜሮን ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነበር።

ማታ ደወልኩ። ተኝታለች። አለፍኩ በላት አልኩት። «እነግራታለሁ» አለ አባቴ፤ አለቀሰ። ከደስታው ነው ብዬ እኔም አለቀስኩ።

እሑድ ንጋት፣ ልደታ

የልደታ ማርያም ደወል ሲደወል ሜሮን እጄን ይዛ ነቅታለች። ሳሎኑ ውስጥ እግር ይሰማል፤ ብዙ እግር፤ ጫማውን አውልቆ የሚራመድ። በሩ ተከፈተ። እትዬ አስካለ፣ ከኋላቸው ጋሼ ገረመው፣ ከእሳቸው ኋላ ሐሙስ «እንግዳዋን እንያት» ያሉት ሴቶች ሁሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ጥለቱን ወደ አንገታቸው አዙረው ለብሰዋል።

ያኔ አወቅኩ። ማንም አፉን ሳይከፍት አወቅኩ። ጅቡቲ ውስጥ የአበሻ መርዶ ሲኖር ሰው የሚጠራው እናቴን ነበር። በንጋት እንዲሁ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ስትወጣ ስንት ጊዜ አይቻታለሁ። ስትመለስ ድምፅዋ ዘግቶ፣ ቀኑን ሙሉ አትናገርም ነበር።

ልነሳ ስል እትዬ አስካለ በሁለት እጃቸው ትከሻዬን ይዘው መልሰው አስቀመጡኝ። ሜሮን ከኋላዬ አቀፈችኝ። ጋሼ ገረመው ያን ሁሉ የአቤቱታ ቋንቋቸውን አጡት። «ልጄ፣ እናትሽ አረፈች» ብቻ አሉ።

«መቼ?»

ሴቶቹ ማልቀስ ጀመሩ።

«መቼ?!»

«ሐሙስ» አሉ እትዬ አስካለ።

ሐሙስ! ሐሙስ ጨጨብሳ በማር በልቻለሁ። አርብ ዶሮ በልቻለሁ። ትናንት ስቄያለሁ፤ ተክለ ሃይማኖት መሐል፣ መንገድ ላይ። በእጄ ያገኘሁትን ሁሉ ወረወርኩ። እትዬ አስካለን «ውሸታም!» አልኳቸው፤ እናቴን የምታህለውን ሴት፣ እናትዬ ብላ ያጎረሰችኝን ሴት። አልተቆጡም። ጮኼ ሲደክመኝ ከፌስታሉ ውስጥ ያንን አረንጓዴ ነጠላ አውጥተው፣ ጥለቱን ወደ አንገት አዙረው እኔኑ አለበሱኝ።

ቀኑን ሙሉ ሰው ሲገባና ሲወጣ ዋለ። እናቴን የማያውቁ ሰዎች ለእናቴ አለቀሱ። የእድራቸው ሰዎች ወንበር አመጡ። የኔ ለቅሶ ልደታ ላይ፣ ሬሳ በሌለበት፣ ሰልስቱ ካለፈ በኋላ ተጀመረ።

ሰኞ፣ የመልስ መንገድ

ለቡ በንጋት። ጋሼ ገረመው ትኬት ቆርጠው፣ ሻንጣዬን እስከ ፉርጎው በር ይዘውልኝ መጡ። ኮሌጁ ቦታዬን እንዲያቆይልኝ ማመልከቻ ጽፈው አስገብተዋል፤ አላመሰገንኳቸውም። እትዬ አስካለ ስንቅ ሰጡኝ፤ ተቀበልኩ፤ አልተሳሳምንም። ጥፋቱ የእኔ ይሁን የእሳቸው አላውቅም፤ ያኔ ማንንም መሳም አልቻልኩም።

ስለ መንገዱ የምነግራችሁ የለም። አዳማን፣ አዋሽን፣ ድሬዳዋን አለፍን ይባላል። አንድ ሰውዬ «ተማሪ ነሽ?» ብሎኝ «አይደለሁም» አልኩት። ሙቀቱ ከድንበሩ ወዲህ በመስኮቱ ገባ፤ የምሠራውን ሳላውቅ ያንን ሁሉ ሰዓት በመስኮቱ መስታወት የራሴን ፊት ሳይ ቆየሁ፤ እሷን እንደምመስል ሰው ሁሉ ይነግረኝ ነበር።

ናጋድ ማንም አልጠበቀኝም፤ መምጫዬን አባቴ እንዳያውቅ ስልኬን ዘግቼ ነበር። እኔም ልደብቅበት ፈልጌ። በታክሲ ሰፈሬ ደረስኩ። ድንኳኑ ፈርሷል። ለድንኳኑ የተቆፈረው ጉድጓድ ተደፍኗል፤ ሁለት የኪራይ ወንበር በር ላይ ተደራርቦ ወሳጁን ይጠብቃል። ጎረቤታችን ልብስ ከገመድ ታወርዳለች። አየችኝና የያዘችውን ጥላ መጥታ አቀፈችኝ፤ ልታለቅስልኝ ሞከረች፤ እንባዋ ግን አልቆ ነበር። አልፈርድባትም፤ እነሱ አልቅሰው ጨርሰዋል።

አባቴ የእናቴ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ነበር። አልሳምኩትም። በሩ ላይ ቆሜ ነው የጠየቅኩት።

«ለምን ዋሸኸኝ?»

ቀና ብሎ አየኝ፤ በአንድ ሳምንት አርጅቷል። «እኔ አይደለሁም» አለ። «እሷ ናት።»

«እሷ ምን?»

«ረቡዕ ከሰዓት ሐኪሞቹ የነገሩኝን ሰማች። ስልኩን ስጠኝ አለችኝ። ላንቺ ልትደውል መስሎኝ ቁጥርሽን አወጣሁላት። አይደለም አለች። የደወለችው ማክሰኞ በደወልሽበት ቁጥር፣ ለወይዘሮ አስካለ ነው።»

ቁጭ አልኩ፤ መሬት ላይ።

«አይተዋወቁም እኮ» አልኩ።

«ተዋወቁ። ቅዳሜ መፈተንሽን ሴትየዋ ነገረቻት፤ እስከዚያ ልጄ እንዳትሰማ አለቻት። ከመስማቷ በፊት ደህና አድርጋችሁ አብሏት፣ ከሰማች በኋላ እህል አትቀምስም፣ አውቃታለሁ አለች። በማታ እንዳይነገራት፣ በንጋት ይሁን አለች። ቆማ እንዳትሰማ፣ አስቀምጧት፤ ሴት ከኋላዋ ትያዛት አለች። ትንፋሽ ያጥራታል፤ ታርፋለች፤ እንደገና ትጀምራለች። ብዙ ቆዩ። ሴትየዋ ስታለቅስ ከዚህ ይሰማኝ ነበር፤ እናትሽ ናት የምታጽናናት።»

«እኔስ? ለእኔ ደውልልኝ አላለችም?»

«አልኳት። ድምፄን ከሰማች ታውቃለች አለች።»

ይህን የነገርኳቸው ሰዎች ሁሉ «እንዴት ያለች እናት ናት!» ይሉኛል። አውቃለሁ። የስንቱን ቤት መርዶ ስታደርስ ኖራ የልጇን መርዶ ራሷ አሰናዳች። ልጽናናበት ሞከርኩ፤ አልሆነልኝም። ያን ሁሉ ትንፋሽ ከየት እንዳመጣችው እግዜር ይወቅ፤ እኔን «ቤዛ» ብላ ለመጥራት ግን ጥቂቱ ይበቃት ነበር። ቃል ገብታልኛለች እኮ! የምቆጣበት ሰው ፈልጌ ይህን ሁሉ መንገድ መጣሁ፤ ያገኘሁት ልቆጣበት የማልችለውን ሰው ነው።

ከመሸ በኋላ ስልኬን ከፈትኩና ልደታ ደወልኩ። እትዬ አስካለ ገና በመጀመሪያው ጥሪ አነሱ። «ደረስሽ?» አሉኝ። «በላሽ?» አሉኝ። ይቅርታ ልላቸው ነበር የደወልኩት፤ አፌ ላይ የመጣው ግን ሌላ ነው። እናቴን በሕይወቷ አንድ ቀን እንኳ አይተዋት የማያውቁትን ሴት፣

«ድምፅዋ እንዴት ነበር?» ብዬ ጠየቅኳቸው።